ወደ ሐይቁ የሚያወርድ መንገድ

ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ማታ ቤቱ መግባት የሚፈልግ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የሚያቀናው ወደ ቢሾፍቱ ነው። ርቀቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፈጣኑ መንገድ የሄደ ሕፃናቱ ሳይሰለቹ ይደርሳል፤ መኪና የሌለውም ከቃሊቲ መናኸሪያ ተሳፍሮ ይሄዳል። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ደብረ ዘይት የሚላት ይህች ከተማ ቢሾፍቱን፣ ሆራን፣ ባቦጋያን፣ ኩሪፍቱንና አረንጓዴን የመሳሰሉ ሐይቆች በዙሪያዋ አሏት። እንዲያም ሆኖ አንድ ቤተሰብ ቀኑን ሙሉ እዚያ ውሎ፣ ምሳ በልቶ፣ ልጆቹን በመዋኛ ገንዳ አጫውቶ፣ ሐይቁን ግን ከሰገነት ላይ በሩቁ ብቻ አይቶ ሊመለስ ይችላል። ለመግቢያ የሚከፍለው የሌለው ደግሞ ከግንብ አጥር ውጭ ቆሞ በዛፎች መካከል ብልጭ የሚለውን ውሃ ይፈልጋል። ነገሩ ሲታይ የአንድ ቀን ሽርሽር ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን ከዚያ ያለፈ ነው እላለሁ። እያንዳንዱ የቢሾፍቱ ሐይቅ ማንም ሰው የሚወርድበት ቢያንስ አንድ ክፍት መንገድና አንድ ክፍት ዳርቻ ያስፈልገዋል። የሚያስፈልገውም ለጎብኚው ደስታ ብቻ አይደለም፤ ሐይቁ ራሱ ሐይቅ ሆኖ እንዲቆይ ጭምር ነው። ምክንያቱ ከሐይቆቹ አፈጣጠር ይጀምራል።

ቢሾፍቱ የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆው ጫፍ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከምድር ውስጥ ወደ ላይ የሚገፋ ቅልጥ ዓለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ የእንፋሎቱም ግፊት በላዩ ያለውን መሬት ሰባብሮ ይበትነዋል። እንዲህ ያለው ፍንዳታ እንደ ዝቋላ ያለ ከፍ ያለ ተራራ አይገነባም። መሬቱን ጎድጉዶ፣ በዙሪያው የአመድና የድንጋይ ስብርባሪ ከምሮ ያበቃል። በጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም ሐይቅ ይሆናል፤ እንደ ቢሾፍቱ ያሉት ሐይቆች የተፈጠሩት በዚህ ነው። ዛሬ በገደሉ ላይ ተነባብረው የሚታዩት ስስ የአመድ ንጣፎች የዚያ ፍንዳታ ተከታታይ ምቶች ናቸው። ቁልቁል በእግሩ የሚወርድ ልጅ ጣቱን በንጣፎቹ ላይ እያሳለፈ ሊቆጥራቸው ይችላል፤ ከሰገነት ላይ ግን አይታዩትም። የሐይቆቹ ቅርጽም ከዚሁ የመጣ ነው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ስፋቱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር ያልፋል። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ጥልቅ የሆነ ጋን ማለት ነው።

ይህ ጋን የሚፈስበት ወንዝ የለውም። ዝናብና የከርሰ ምድር ውሃ ይገባበታል፣ ፀሐይ ያተነዋል፤ ማዕድኑ ግን ስለማይተን እዚያው ይጠራቀማል። የብዙዎቹ ሐይቆች ውሃ ሶዳማ የሆነው በዚህ ነው። ሆኖም አንዱን ያየ ሁሉንም አየ አይባልም። አረንጓዴ ሐይቅ ቀለሙን ያገኘው ውሃውን እስኪያወፍሩ ድረስ ከሚባዙበት ጥቃቅን ፍጥረታት ነው፤ ከእነዚህም ዋነኛው በማሟያ ምግብነት ስፒሩሊና ተብሎ የሚሸጠው፣ ትንሹ ፍላሚንጎም የሚመገበው ዓይነት ነው። ኪሎሌ የተባለው ሐይቅ በፊት ሶዳማ ነበር፤ ለመስኖ ሲባል የሞጆ ወንዝ ውሃ እንዲገባበት ከተደረገ ወዲህ ግን ጨዋማነቱ ቀንሶ በውስጡ የሚኖሩት ፍጥረታት ሳይቀሩ ተለወጡ። አንድ የመስኖ ውሳኔ የአንድን ሐይቅ ባሕርይ በጥቂት ዓመታት ሊገለብጥ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። ጨለለቃ ደግሞ ጥልቀት የሌለው፣ ክረምት ሲገባ የሚሞላ፣ የውሃ ወፎች የሚሰፍሩበት ረግረግ ነበር፤ ባለፉት ዓመታት ውሃው ክፉኛ ሸሽቷል። ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ሲያልፉ የሚታየው የአድአ ጤፍና ሽምብራ ማሳም የጉዞው አካል ነው። በመላ አገሪቱ የታወቀው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ የወጣው ከዚሁ ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ለልጆች የሚታይ ነገር በዚህ ሁሉ ሞልቷል፣ መውጫና መውረጃ እስካለ ድረስ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ዳርቻው ለጥ ያለውንና ሰፊውን ሐይቅ ጥቂት ሰዎች ሊያጥሩት አይችሉም፤ አንዱ በር ቢዘጋ ሌላ ሜዳ ይገኛል። በቢሾፍቱ ግን የእያንዳንዱ ሐይቅ ጠርዝ ተዞሮ የሚያልቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ ገደሉ የሚያስወርድበት ቦታም ውስን ነው። ጥቂት ሆቴሎችና ጥቂት ቪላዎች ጠርዙን ሲይዙ ከበስተኋላቸው ያለው ሰፈር በሙሉ ከሐይቁ ይቆረጣል። ማንም ሐይቁን መዝጋት አስቦ አይሆንም፤ እያንዳንዱ የራሱን ግቢ አጥሮ ድምሩ መዘጋት ይሆናል። ሕጉ ግን ሌላ ነው የሚለው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የ1992 ዓ.ም. የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197ም የአገሪቱ ውሃ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጓል። ውሃው የሁሉም ሆኖ ወደ ውሃው የሚያደርሰው መሬት በሙሉ በአጥር ከተያዘ ባለቤትነቱ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ክፍት ዳርቻ የማይቻል ምኞት እንዳልሆነ ሆራ ራሱ ያሳያል። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ የሚከበረው የኢሬቻ በዓል እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ሆራ አርሰዲ ዳርቻ ያመጣል። የሚመጣው እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ፣ ውሃውን ነክቶ ለማመስገን ነው። ያ ዳርቻ የጋራ ሆኖ የቆየው ሕዝቡ የእኔ ነው ብሎ ስለያዘው ነው። ሐዋሳም ሌላ ምሳሌ ናት። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው በኩል ሰው በነፃነት በሐይቁ ዳር ይንሸራሸራል፤ አሞራ ገደል በሚባለው ቦታ ዓሣ አጥማጁ፣ ዓሣ ጠባሹና ቡና አፍይዋ ከዚያው ከክፍቱ ዳርቻ ይተዳደራሉ። ሐዋሳ ለጥ ባለ መሬት ላይ ስላለች አሠራሯ እንዳለ አይገለበጥም፤ በቢሾፍቱ የሚያስፈልገው ደረጃ፣ መደገፊያና ጠባብ የእግር መንገድ ነው። የከተማ ሰው ሐይቅ ዳር በነፃነት ሲውል ሆቴሉም እንደማይጎዳ ግን ሐዋሳ በቂ ምስክር ናት።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የቆሻሻ ነው። ክፍት የሆነ ቦታ ሁሉ በፕላስቲክ ጠርሙስና በጫት ገረባ ይሞላል፣ የታጠረው ግን ንጹሕ ነው ይባላል። እውነትነት አለው። ነገር ግን የቆሻሻ መጣያና መጸዳጃ ቤት በሌለበት ዳርቻ ንጽሕና መጠበቅ ከጎብኚው አቅም በላይ ነው፤ ጥቂት የአካባቢ ወጣቶችን ደግሞ በጽዳትና በጥበቃ ማሠራት ይቻላል። ዋናው መልስ ግን ሌላ ነው። ጠርሙስ በእጅ ይለቀማል፤ መውጫ የሌለውን ሐይቅ የሚገድለው በእጅ የማይለቀም ነገር ነው። በጠርዙ ላይ ካሉ ቤቶች የሚሰርገው የመጸዳጃ ፍሳሽ፣ ከማሳ ታጥቦ የሚወርደው ማዳበሪያ፣ ከሥር በሞተር የሚሳበው ውሃ ከውጭ ለቆመ ሰው አይታይም። አንድ ምሳሌ ላንሣ። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ቀዝቃዛ ሌሊቶች የላይኛው ውሃ ሲቀዘቅዝ ይከብድና ወደ ታች ይሰጥማል፤ ነፋስ ሲጨመርበት ከሥር የነበረው ኦክስጅን አልባ ውሃ ወደ ላይ ይወጣና ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በብዛት ሊሞት ይችላል። ይህ የተፈጥሮ ሥራ ነው። ዓሣው በሌላ ወር፣ ቅዝቃዜ በሌለበት ቢሞት ግን መመርመር ያለበት ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ልዩነት የሚያውቀው ሐይቁን ዓመት እስከ ዓመት የሚያየው ጎረቤት ነው፤ ያ ጎረቤት ደግሞ ዛሬ ከአጥር ውጭ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሥራ ዕድል ነው። ሐይቅ ዳር የተሠሩት መዝናኛዎች ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆነዋል፣ ከተማዋንም አሳድገዋል። ይህን የሚክድ አይኖርም፤ ይዘጉ የሚልም የለም። ጥያቄው በሁለት ግቢ መካከል የሰው ማለፊያ ይኑር ነው። ቤተሰቡ ዳርቻውን ከተንሸራሸረ በኋላ ምሳውን የሚበላው ያው ከሆቴሉ ነው። ሦስተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ከባድ ነው፤ ሐይቆቹ ሰው ይወስዳሉ። ገደሉ ውሃ ውስጥም ስለሚቀጥል ከዳር ጥቂት እርምጃ የራቀ ሰው እግሩ መሬት ያጣል። ዋና የሚችልም ቢሆን በዚህ ሊታለል አይገባም፤ ሕፃን ደግሞ ከትልቅ ሰው እጅ መለየት የለበትም። ይህ አደጋ ግን በተከለከለ ቦታ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። የሰፈር ልጆች ሐይቁ ስለታጠረባቸው መዋኘት አይተዉም፤ ሰው በማያያቸው ቀዳዳ ሾልከው ይገባሉ። ጠባቂ ያለው፣ ጥልቀቱ በምልክት የታወቀ አንድ ዳርቻ ከብዙ ድብቅ መግቢያ ይሻላል።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን የሐረማያ ጉዳይ ነው። ሐረማያ ሐይቅ ክፍት ነበር፤ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚታይ። ሆኖም ለሐረር ከተማ መጠጥ፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ያለ ልክ እየተሳበ፣ ከተራቆቱት ኮረብቶች በሚወርድ ደለል እየተሞላ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ታዲያ ክፍትነት ምን ጠቀመው? ይህን ጥያቄ በቀላሉ ማለፍ ሐቀኝነት አይሆንም። ክፍትነት ብቻውን ሐይቅ አያድንም፤ የሚስበውን የሚለካና የሚገድብ አካል ከሌለ ሺህ ዓይን ቢያየውም ይደርቃል። ነገር ግን ሐረማያ በደረቀ ጊዜ ነገሩ ሊደበቅ አልቻለም፤ ከአካባቢው ገበሬ እስከ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ኪሳራውን የማያውቅ አልነበረም፣ በኋላ ለተፋሰሱ ሥራ ሰው የወጣውም ሐይቁን ስለሚያውቀው ነው። ውሃው ባለፉት ዓመታት መመለስ ጀምሯል። በግንብ ተከቦ የሚሸሽ ውሃ ግን ይህን ያህል ሰው ከቤቱ አያስነሣም። ስለዚህ ክፍቱ መንገድ የቁጥጥርን ቦታ አይተካም፤ ቁጥጥር እንዲኖር የሚጠይቀውን ሰው ግን ያፈራል።

መፍትሔው ያለው በከተማው አስተዳደር እጅ ነው። የሐይቅ ዳር መሬት በሊዝ የሚሰጥ እስከሆነ ድረስ አዲስ ውል ሲፈረምም ሆነ ነባሩ ሲታደስ የሕዝብ መተላለፊያ የሚተው አንድ አንቀጽ ማስገባት ይቻላል፤ ግንባታ ሳይፈርስ፣ ካሳ ሳይከፈል። መጀመሪያ ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ ቢሞከር የተሻለ ነው። ለከተማው መሀል ስለሚቀርብ መኪና የሌለው ቤተሰብ ከታክሲ ወርዶ በእግሩ ይደርስበታል፣ የገደሉ ንጣፍም ለተማሪዎች ይታያል። የሚወጣው ወጪ የድንጋይ ደረጃ፣ የብረት መደገፊያ፣ መጸዳጃ ቤትና የሁለት ጠባቂዎች ደመወዝ ነው። ደረጃው አንድ ዓመት ሙሉ ካገለገለ በኋላ ምን ያህል ሰው እንደወረደ፣ ምን ያህል ቆሻሻ እንደተሰበሰበና ጎረቤት ሆቴሎች ምን እንዳገኙ ቆጥሮ ለሕዝብ ማሳወቅ ይቻላል፤ ባቦጋያ ላይ ይደገም አይደገም የሚለው ክርክርም ያኔ በግምት መሆኑ ይቀራል።