ጉድጓዱ ከመመረቁ በፊት ውሃው ይለካ

በስምጥ ሸለቆ የብዙ ሰው ጥርስ የሚበልዘው በልጅነት በተጠጣ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ባለ ፍሎራይድ የተነሳ ነው። ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ አጥንትንም ይጎዳል። በዓይን አይታይም፤ ውሃውን ማፍላትም አያስወግደውም።

መጠኑ የሚታወቀው በላቦራቶሪ መሣሪያ ነው። ጫፉ ላይ የላንታነም ፍሎራይድ ክሪስታል ያለበት ዘንግ ናሙናው ውስጥ ሲነከር፣ እንደ ፍሎራይዱ መጠን የሚለያይ ቮልቴጅ ይፈጠራል። መሣሪያው መጠናቸው በታወቀ ውሁዶች አስቀድሞ ስለሚስተካከል፣ ቮልቴጁ ወደ ሚሊግራም ይተረጎማል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚለካው የቀረበለትን ብቻ ነው። ስለሆነም ናሙናው በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ በተለቀለቀ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ የጉድጓዱ ስምና ቀኑ ሊጻፍበት ይገባል። ለፓምፕ ገንዘብ ከመዋጣቱ በፊት ውጤቱን መጠበቅ የመሪዎች ኃላፊነት ነው።