ጥንቸሏ ከነቃች በኋላ

እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በብሪታንያ ከመቶ በላይ የእንስሳት ክሊኒኮች የተሳተፉበት አንድ ትልቅ ጥናት ተካሂዶ ነበር። የጥናቱ ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ ማደንዘዣ ከተሰጣቸው የቤት እንስሳት መካከል በዚሁ ሰበብ የሚሞቱት ስንቶቹ ናቸው? በ2008 የታተመው ውጤት ከውሾች 0.17 በመቶ፣ ከድመቶች 0.24 በመቶ፣ ከጥንቸሎች ግን 1.39 በመቶ መሆኑን አሳየ። ከ72 ጥንቸሎች አንዷ ማለት ነው። ታመው የመጡትን ትተን ጤነኞቹን ብቻ ብንቆጥር እንኳ የጥንቸሎቹ 0.73፣ የውሾቹ 0.05 በመቶ ነው።

ታዲያ ጥንቸል ቢላ ባይነካት አይሻልም? አይሻልም። ማህፀናቸው ሳይወጣ ያረጁ እንስት ጥንቸሎች ላይ የማህፀን ካንሰር በብዛት ይታያል። ጥርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ስለሚያድግም ሲጣመም ተሞርዶ መስተካከል አለበት። አገር ቤት የእንስሳት ሐኪም ስንል ቶሎ ትዝ የሚለን ከብትና በግ ነው። በውጭ አገር የሚኖር ወላጅ ግን ልጆቹ ለምነው ያስገዙትን ጥንቸል ይዞ ክሊኒክ የሚሄድበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ያን ቀን ምን እንደሚደረግላት ቢያውቅ ለእሷም ለሐኪሙም ይጠቅማል።

ችግሩ ከአተነፋፈሷ ይጀምራል። ጥንቸል የምትተነፍሰው በአፍንጫዋ ነው። ደረቷ ትንሽ፣ ሆዷ ግን ትልቅ ስለሆነ በጀርባዋ ስትተኛ አንጀቷ ሳንባዋን ይጫነዋል። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ደረቷን ከሆዷ ትንሽ ከፍ አድርጎ ያስተኛታል። በዚያ ላይ ብዙ ጥንቸሎች ጤነኛ መስለው ፓስቱሬላ የሚባለውን ባክቴሪያ በአፍንጫቸው ይዘው ይኖራሉ። ሳንባዋ ቀድሞ የተጎዳ ከሆነ ደግሞ ማደንዘዣውን የመቋቋም አቅሟ ያንሳል።

ከሁሉም የሚከብደው የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባቱ ነው። አፏ ጠባብ፣ ምላሷ ወፍራም ነው፤ ማንቁርቷ ደግሞ ከጉሮሮዋ ውስጥ ርቆ ስለሚገኝ በዓይን ለማየት ያስቸግራል። ልምድ ያለው ሐኪም አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ቀጭኑን ቱቦ በምላሷ ላይ ያሳልፍና ጆሮውን ከቱቦው ጫፍ ላይ ይደቅናል። ቱቦው ወደ አየር መተላለፊያው ሲጠጋ የትንፋሿ ድምፅ ይጎላል። አየር ስትስብ ማንቁርቷ ስለሚከፈት ያችን ቅጽበት ጠብቆ ያስገባዋል። እምቢ ካለው መግፋት የለበትም፤ ጉሮሮዋ ካበጠ ከነቃች በኋላ ሊያፍናት ይችላል። ዛሬ ለጥንቸል ጉሮሮ ተብሎ የተሠራ፣ ወደ አየር ቧንቧ ሳይገባ ማንቁርቱ ላይ የሚቀመጥ ቪ-ጄል የሚባል መሣሪያ አለ። በኔ እምነት ጥንቸል የሚያክም ክሊኒክ ሁሉ ሊኖረው ይገባል።

አይሶፍሉሬን የሚባለውን ጋዝ በማስክ ብቻ ሰጥቶ ማስተኛት ቀላል ይመስላል። ጥንቸል ግን ሽታው ሲያስጠላት ትንፋሿን ትይዛለች፣ የልቧ ምትም ይወርዳል፤ ስትንፈራገጥም በጠንካራ የኋላ እግሮቿ ኃይል የራሷን አከርካሪ ልትሰብር ትችላለች። በመሆኑም አስቀድሞ የሚያረጋጋ መርፌ መውጋት ይሻላል። ብዙውን ጊዜ የሚሰጣት በየሆስፒታሎቻችን የሚታወቀው ኬታሚን ከሜዴቶሚዲንና ከቡቶርፋኖል ጋር ተቀላቅሎ ነው። ሜዴቶሚዲን ጥሩ ጎን አለው፤ አቲፓሜዞል የሚባል ማርከሻ ስላለው ሐኪሙ በፈለገው ሰዓት ሊቀለብሰው ይችላል። የሌላ እንስሳ ልምድ በቀጥታ እንደማይሠራ የሚያሳየው ደግሞ የወረደ የልብ ምትን ለመመለስ የሚሰጠው አትሮፒን ነው። አንዳንድ ጥንቸሎች አትሮፒንን የሚሰባብር ኤንዛይም በደማቸው ውስጥ አላቸው፤ አትሮፒን ያለበትን ቤላዶና የተባለ መርዛማ ተክል በልተው የማይሞቱትም በዚህ ምክንያት ነው። የልባቸው ምት ሲወርድ ብዙ ሐኪሞች ግላይኮፒሮሌት የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ጾም ላይም ጥንቸል የተለየች ናት። ሰውም ውሻም ከቀዶ ሕክምና በፊት ምግብ የሚከለከለው አስመልሶት ትን እንዳይለው ነው። ጥንቸል ግን ማስመለስ አትችልም። ማታውን ሙሉ ስትጾም ያደረች ጥንቸል አንጀቷ ቀዝቅዞ ነው ክሊኒክ የምትደርሰው። አፏ ውስጥ የቀረ ምግብ እንዳይኖር ለአንድ ሰዓት ያህል መከልከል ይበቃል፤ ቱቦው ከመግባቱ በፊትም አፏ ይጠረግላታል። የለመደችውን ድርቆሽና ቅጠል ይዛችሁላት ሂዱ፤ እንደነቃች የምትፈልገው እሱን ነው።

ከብሪታንያው ጥናት ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የሞት መጠኑ አይደለም። ከሞቱት ጥንቸሎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሞቱት ቀዶ ሕክምናው ካበቃ በኋላ ነው። ስፌቱ አልቆ፣ ሁሉም እፎይ ባለበት ሰዓት ማለት ነው። አንዱ ምክንያት ቅዝቃዜ ነው። የጥንቸል ጤነኛ የሰውነት ሙቀት ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ሲሆን በሰመመን ውስጥ ቶሎ ይወርዳል፤ ትልልቅ ጆሮዎቿም ሙቀት ያባክናሉ። ሌላው ሕመም ነው፤ እሱን ለይቶ ማወቅ ግን ዓይን ይፈልጋል።

ጥንቸል አዳኝ የሚከታተላት እንስሳ ስለሆነች ሕመሟን ትደብቃለች። አትጮህም፣ አታነክስም፤ ዝም ብላ ጥግ ትይዛለች። እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪታንያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ጆሯቸው ላይ መለያ የሚነቀሱ ጥንቸሎችን ፊት አጥንተው የሕመም መለኪያ አወጡ። መለኪያው አምስት ነገሮችን ያያል። ዓይኗ ይጠባል። ክብ የነበረው ጉንጯ ጠፍጣፋ ይሆናል። የአፍንጫዋ ቀዳዳ ቅርጹን ለውጦ ወደ ታች ይሾላል። የአፍንጫዋ ጢም ይገተራል። ጆሮዋ ተጠቅልሎ ወደ ጀርባዋ ይተኛል። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጤነኛ ሳለች ፊቷን ለምዶ ያወቀ ባለቤት ለውጡን ከማንም ቀድሞ ሊያየው ይችላል።

ሕመሙ ካልታከመ አንጀቷ ላይ ይወርዳል። ጥንቸል የበላችው ሣር የሚብላላው በትልቁ አንጀቷ መጀመሪያ ላይ ባለ ሰፊ ከረጢት ውስጥ ነው፤ ይህ ሥርዓት ያለማቋረጥ መንቀሳቀስ አለበት። ያመማት ጥንቸል መብላት ታቆማለች፣ አንጀቷ ይቆማል፣ ጋዝ ይጠራቀማል፣ ጋዙ ደግሞ ሌላ ሕመም ይወልዳል። አንዳንድ ሐኪሞች እንደ ቡፕረኖርፊን ያሉ ጠንካራ ማስታገሻዎች አንጀትን ያዘገያሉ ብለው ይሰስታሉ። ስጋቱ መሠረት አለው፤ ሆኖም ያልታከመ ሕመም አንጀቷን የባሰ ይዘጋዋል። ቡፕረኖርፊኑ ሜሎክሲካም ከተባለው ማስታገሻ ጋር ቢሰጣት፣ የሚቆረጠው ቦታም በሊዶኬይን ቢደነዝዝላት፣ አንዱ መድኃኒት የሌላውን ሥራ ያቀልለታል። ሜሎክሲካም ከጥንቸል ሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ የውሻው መጠን አይበቃትም፤ ልኩን የሚያውቀው ሐኪሟ ነው። ቤት ያለ የሰው ማስታገሻ አይሰጣት።

ወደ ቤት ከመመለሷ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ በልታለች? ካልበላች ለጥንቸል የሚዘጋጀውን የሣር ዱቄት በውኃ በጥብጦ በሲሪንጅ እንዴት እንደሚሰጣት ያሳዩአችሁ፤ ስንት ቀን ማስታገሻ እንደምትወስድም አስጽፉ። አብራት የምትኖር ጓደኛ ካለቻት አትለዩአቸው። ከውሻ ጩኸት የራቀ ሞቅ ያለ ቦታ ስጧት። በጠጧን ቁጠሩ፤ ቢቀንስ፣ ቢደቅ ወይም ቢጠፋ፣ ወይም በማግስቱ ድርቆሿ እንደተቀመጠ ቢገኝ፣ ነገ ይሻላት ይሆናል ብላችሁ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ደውሉ።