የልጅነት ጨዋታ ለወላጆች የሚያስተምረው

ነቢዩ ዘካርያስ ስለ ኢየሩሳሌም መታደስ በተናገረበት በምዕራፍ 8፣ ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን ይዘው በአደባባይዋ እንደሚቀመጡ፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆችም በዚያው እንደሚጫወቱ ይገልጻል። የአንዲት ከተማ ሰላም በልጆቿ ጨዋታ ይታወቃል ማለት ነው። እንግዲህ ጨዋታን እንደ ከንቱ ጊዜ ማጥፊያ የምንቈጥር ወላጆች ነገሩን መላልሰን ልንመረምረው ይገባናል።

በድሬ ዳዋ ዕድሜአቸው የገፋ ሰዎች በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ተቀምጠው የልጅነታቸውን ሲያወጉ፣ ከሱቅ የተገዛ መጫወቻ ሲያነሡ እምብዛም አንሰማም። የሚያነሡት በገዛ እጃቸው የሠሩትን ነው፤ ይኸውም ከጨርቅ ቁራጭ ተጠቅልሎ በሲባጎ የታሰረ ኳስ፣ ጎማው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቈረጠ የሽቦ መኪና ነው። ከተማችንም የተቈረቈረችው የምድር ባቡር መስመር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነውና፣ ባዶ የሰርዲን ጣሳ ቀጣጥለው ባቡር የሠሩ ልጆች ነበሩ። ይህን ሲናገሩ ፊታቸው የሚበራው ዕቃው ውድ ስለ ነበረ አይደለም፤ ሽቦውን ፈልገው፣ አጣመው፣ ሲሰበርም ጠግነው ስለ ደከሙበት ነው። ሰው የደከመበትን ይወዳልና።

ሁለተኛው ነገር ባልንጀራ ነው። ድብብቆሽም ሆነ ብይ ለብቻ አይሆንም። በድሬ ዳዋ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪኛና ዓረብኛ በአንድ መንደር ይሰማሉ። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰውና ከመስጊድ የመጣው ልጅ በአንድ የብይ ጕድጓድ ዙሪያ ተንበርክከው የጎረቤታቸውን ቋንቋ ተማሩ። ያጭበረበረ ከጨዋታ ይወጣል፤ ተራውን ያልጠበቀ ይወቀሳል፤ የተጣላም ካልታረቀ የሚጫወተው ያጣል። ሌላ ዳኛ ሳይኖር ሕጉን የሚያስከብሩት ልጆቹ ራሳቸው ነበሩ።

የአእምሮውንም ጥቅም ብንመለከት ገበጣ በቂ ምስክር ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያለውን የገበጣ አጨዋወት በየዓይነቱ መዝግበውታል። ልጅ መሬት ቈፍሮ ጠጠር እየለቀመ ሲጫወት መቍጠርን ይለማመዳል፤ የዛሬው አንድ ጠጠር ከሦስት ዙር በኋላ የት እንደሚደርስ አስቀድሞ ማሰብንም ይማራል።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችንም ጨዋታን ከበዓላቷ አላራቀችም። የገና ጨዋታ፣ እረኞች የጌታን ልደት ሰምተው በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ ከሚለው ትውፊት ጋር ተያይዞአል። ነሐሴ 13 የደብረ ታቦር በዓል ሲቃረብም ልጆች ጅራፍ ይገምዳሉ፤ ጩኸቱ በታቦር ተራራ የተሰማውን የአብን ድምፅ፣ ችቦው በዚያ የተገለጠውን ብርሃን እንደሚያስታውስ አባቶች ያስተምራሉ። ጅራፍ የገመደ ልጅ ምሥጢሩን በእጁም ጭምር ተማረ ማለት ነው። ትርጓሜውን ሳንነግረው ብንቀር ግን ለልጁ የሚቀርለት ጩኸቱ ብቻ ነው።

ዛሬ በብዙ ቤት ልጅ ዝም እንዲል የእጅ ስልክ ይሰጠዋል። ልጁ በእርግጥ ዝም ይላል፤ ነገር ግን የሚጠግነው ዕቃ፣ የሚታረቀው ባልንጀራ የለውም። እርግጥ ነው፣ ወላጆች የሚሰጉበት ምክንያት አላቸው። የደቻቱ ወንዝ በበጋ ደረቅ አሸዋ ስለ ሆነ ለልጆች ሰፊ ሜዳ ይመስላል። ሆኖም ዝናቡ በላይኛው ደጋ ዘንቦ ጎርፉ በድንገት ይወርዳል፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ነጥቆአል። ስለዚህ ልጆች በክረምት ወደ ወንዙ እንዳይወርዱ መከልከል ተገቢ ነው። ከወንዙ ከከለከልናቸው ግን ሌላ ስፍራ ልናዘጋጅላቸው ይገባል እንጂ ቤት ዘግተንባቸው መሄድ አይገባም። ጎረቤታሞች ተስማምተው በተራ እየጠበቁ አንድ ግቢ ቢከፍቱላቸው፣ የሰንበት ትምህርት ቤቶችም ከመዝሙር ጥናት በኋላ ጥቂት የጨዋታ ጊዜ ቢሰጡአቸው፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ታላቅ በጎነት ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ስለ ልጅነታችን ማውራቱ ብቻ ለልጆቻችን አይበቃም። በሰንበት ከቅዳሴ መልስ አያት ለልጅ ልጁ የጅራፍ አገማመድ ያሳየው፤ እናት ለልጅዋ ቅልልቦሽ ታስተምራት፤ አባትም ሽቦና ጉጠት አቅርቦ ከልጁ ጋር ይቀመጥ። ልጁ መላልሶ ቢያበላሽም እጁን ይዘን እናሳየው እንጂ ነጥቀን አንሥራለት፤ ነገ የሚናፍቀው ራሱ የሠራውን ነውና። ልዑል እግዚአብሔር ልጆቻችንን በጤናና በፍቅር ያሳድግልን።