የሌላውን እምነት ከባለቤቱ መማር

ሴሚናሪ ለአንድ ቤተ እምነት አገልጋይ ያወጣል። ብዙ ሃይማኖቶችን ጎን ለጎን የሚያጠናው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ግን ክርስቲያኑን፣ ሙስሊሙን፣ አይሁዱን፣ ሂንዱውንና ሃይማኖት የለኝም ባዩን በአንድ ክፍል አስቀምጦ አንዱ የሌላውን መጽሐፍ፣ ሥርዓትና ታሪክ እንዲመረምር ያደርጋል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በአሜሪካ የሚገኘው የሃርቫርድ የመለኮት ትምህርት ቤት ነው። በ1816 ሲቋቋም (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሥራው የክርስቲያን አገልጋዮችን ማሠልጠን ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ የዓለም ሃይማኖቶች ጥናት ማዕከል ሲጨመርበት መልኩ መለወጥ ጀመረ። የማዕከሉ ሕንፃ መኖሪያ ቤቶችም አሉት፤ እምነታቸው የተለያየ ተመራማሪዎች ጎረቤት ሆነው እንዲኖሩ ታስቦ የተሠራ ነው።

ከ1964 ጀምሮ ማዕከሉን የመሩት ካናዳዊው ዊልፍሬድ ካንትዌል ስሚዝ ቀደም ሲል በላሆር ያስተማሩ፣ በ1952 ደግሞ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የእስልምና ጥናት ተቋምን የመሠረቱ ሰው ናቸው። ስለ አንድ ሃይማኖት የተጻፈን ነገር የሚመዝኑበት መለኪያ ጠንካራ ነበር፦ የእምነቱ ተከታዮች አንብበው «አዎ፣ ይህ የእኛ ነው» ሊሉ ይገባል። መለኪያው በሁሉም ቦታ አይሠራም፤ ምእመናን የማይወዱት የታሪክ እውነትም አለና። ቢሆንም ሌላውን ሳይጠይቁ ስለ ሌላው የመጻፍን የቆየ ልማድ ክፉኛ ነቅፏል።

ሌላው የተቋሙ ሰው ስዊድናዊው የሐዲስ ኪዳን ሊቅ ክሪስተር ስቴንዳል ናቸው። ከ1968 እስከ 1979 ትምህርት ቤቱን በዲንነት መርተው፣ ኋላ የስቶክሆልም ጳጳስ ሆኑ። በ1985 በከተማዋ አቅራቢያ የሞርሞን እምነት ተከታዮች ቤተ መቅደስ መሠራቱ ቅሬታ ሲያስነሳ ሦስት ነገር መከሩ። ስለ አንድ እምነት ተከታዮቹን እንጂ ጠላቶቹን አትጠይቅ፤ የራስህን ምርጥ ከሌላው መጥፎ ጋር አታወዳድር፤ በሌላው ዘንድ የምትቀናበትን መልካም ነገር ለማየት ልብህን ክፍት አድርግ። ከሦስቱ ይበልጥ የሚጣሰው ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም።

ትምህርቱ በበጎ ፈቃድ ብቻ አይዘለቅም፤ ቋንቋ ይጠይቃል። ቁርኣንን የሚመረምር ዐረብኛ፣ የሂንዱ ጥንታዊ ጽሑፎችን የሚያነብ ሳንስክሪት ይማራል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተጠበቀው በግእዝ ብቻ በመሆኑ፣ በዚያ መስክ የሚሠራ አይሁዳዊም ሆነ ፕሮቴስታንት ተመራማሪ ከግእዝ ሰዋስው አያመልጥም።

ከማስተማሪያ ዘዴዎቹ አንዱ በ1990ዎቹ አይሁዳዊው ፈላስፋ ፒተር ኦክስ ከክርስቲያኖቹ የሥነ መለኮት ምሁራን ከዴቪድ ፎርድና ከዳንኤል ሃርዲ ጋር የጀመሩት የጋራ ንባብ ነው። ጥቂት ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በአንድ ርእስ ላይ ከኦሪት፣ ከሐዲስ ኪዳንና ከቁርኣን አጫጭር ምንባቦችን ያነባሉ። የአብርሃም እንግዶች ታሪክ ለዚህ ይመቻል። በዘፍጥረት ምዕራፍ 18 አብርሃም ጥጃ አሳርዶ፣ ቅቤና ወተት አቅርቦ እንግዶቹን ያስተናግዳል፤ እነርሱም ይበላሉ። በቁርኣን የሁድ ምዕራፍ ግን የተጠበሰው ጥጃ ቀርቦ የእንግዶቹ እጅ ወደ ምግቡ አይዘረጋም፤ ኢብራሂምም ይፈራል። ሙስሊሙ አንባቢ እንግዶቹ መላእክት ስለሆኑ እንደማይበሉ ያስረዳል። አይሁዳዊው አንባቢ የ11ኛው መቶ ዘመን ተርጓሚ ራሺ የበሉ መስለው ታዩ ማለቱን ይጠቅሳል። የአብርሃሙን ሥላሴ ሥዕል እያየ ያደገ ኢትዮጵያዊ ኦርቶዶክስ በዚያ ጠረጴዛ ቢቀመጥ ደግሞ በድንኳኑ የተስተናገዱት ሥላሴ ናቸው ይላል። አወያዩ ሊያስታርቃቸው አይሞክርም። ልዩነቱ የት ላይ እንደሆነ በትክክል ከታወቀ ንባቡ ግቡን መቷል።

ተመራቂዎቹ መምህራን፣ ጋዜጠኞች፣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች ይሆናሉ። ብዙዎች በሆስፒታል፣ በእስር ቤትና በጦር ሠራዊት የመንፈሳዊ አገልግሎት ሥራ ይይዛሉ፤ እዚያ የሚጠራቸው ሰው የየትኛው እምነት ተከታይ እንደሆነ አስቀድሞ አይታወቅም።

ትችቱም ከሁለት ወገን ይመጣል። አንዳንድ ምሁራን ሃይማኖቶችን ማቀራረብ የዩኒቨርሲቲ ሥራ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ ይመርምር እንጂ አያስታርቅ ይላሉ። አንዳንድ ምእመናን በበኩላቸው እምነትን ያለዝባል ብለው ይሰጋሉ። ሁለተኛው ስጋት የራሱ ጣጣ አለው፤ የሚሰጋው ይቀራል፤ ለመወያየት የሚመዘገበው ባብዛኛው ቀድሞውኑ ለመወያየት የተዘጋጀው ሰው ነውና፣ አጥባቂው ወገን የሚጠናው በሌለበት ነው።