ጨርቄን፣ ማቄን

ቆራሌው በር ላይ ቁጢጥ ብሎ ሬዲዮውን ገለበጠው። የኋላ ክዳኑን በጣቱ መታ መታ አደረገና «150 ብር» አለ። እናቴ የተሰደበች ያህል ፊቷ ጠቆረ። «በ2,000ም አልሸጠው! ይሠራል እኮ፤ ሽቦው ብቻ ነው የተበጠሰው።» እኔ እስከማውቀው ያ ሬዲዮ 15 ዓመት ሙሉ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ቆራሌው አልተከራከረም፤ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «ቆራሌው!» እያለ ቁልቁል ወረደ። ሬዲዮውም ቡፌው ላይ ወደ ለመደው ቦታ ተመለሰ።

እማዬ 38 ዓመት አስተምራ ጡረታ ወጥታለች። አሁን ከግቢ ቤቷ ወደ ኮንዶሚኒየም ልትገባ ነው፤ ሁለት መኝታ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። ዕቃ ለመቀነስ ሦስት ቅዳሜ ተሰባስበን ለፋን፤ በሦስቱ ቅዳሜ ከቤት የወጣው ቢደመር አንድ ጆንያ አይሞላም። አንድ ቀን እንዲያውም ልዋጮች አሮጌ ልብስና ጫማ ወሰዱልን ብለን ደስ ሲለን፣ በምትኩ ሁለት ሳፋና አንድ ባልዲ ትተውልን ሄዱ።

ሳያመነታ ከቤቱ የሚወጣን ሰው «ጨርቄን ማቄን ሳይል ተነሣ» እንላለን። አባባሉ የተፈጠረው እንዲህ ያለ ሰው ብርቅ ስለሆነ ይመስለኛል። አብዛኞቻችን ጨርቃችንንም እንላለን፣ ማቃችንንም እንላለን። መጀመሪያ ላይ ነገሩን ስስት፣ ወይም እርጅና፣ ወይም ግትርነት አድርጌ ወስጄው ነበር። ያነበብኩት ጥናት ግን ከእማዬ ይልቅ እኔን ታዘበኝ።

ከቆራሌው ልጀምር። ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ክኔች እና ሪቻርድ ቴለር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከአንድ ክፍል ተማሪዎች ለግማሽ ያህሉ የቡና ኩባያ አደሉ። ኩባያው በዩኒቨርሲቲው ሱቅ 6 ዶላር የሚሸጥ ተራ ዕቃ ነው። ከዚያ ያገኙት እንዲሸጡ፣ ያላገኙት እንዲገዙ ገበያ ከፈቱላቸው። ዕደላው በምርጫ ስላልነበር፣ ኩባያ የሚወዱትና የማይወዱት በሁለቱም ወገን እኩል ናቸው ማለት ነው፤ ስለዚህ ግማሽ ያህሉ ኩባያ እጅ መለወጥ ነበረበት። አልሆነም። ባለኩባያዎቹ ወደ 5 ዶላር ከሩብ ሲጠይቁ፣ የገዢዎቹ ዋጋ ከ3 ዶላር በታች ቀረ፤ ገበያውም ቀዘቀዘ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ልጆች ኩባያውን የያዙት ለደቂቃዎች ብቻ ነው። አባቴ የነካው ኩባያ አይደለም፤ ሰርግ ላይ የመጣም አይደለም።

ካህነማን ከአሞስ ትቨርስኪ ጋር በ1979 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ የዚህ ምክንያት ተቀምጧል፦ ማጣት ከማግኘት ይልቅ ይከብዳል። በኋላ የተደረጉ ግምቶች ክብደቱን ወደ ሁለት እጥፍ ያደርሱታል። 100 ብር የወደቀበት ሰው፣ 100 ብር አንሥቶ ከተደሰተው ሰው አብልጦ ያዝናል። ካህነማን በ2002፣ ቴለር በ2017 በዚህ ዓይነት ሥራ በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ስለዚህ ያን ቀን በራችን ላይ ቆራሌውና እማዬ የተነጋገሩት ስለ አንድ ዕቃ አልነበረም። እሱ የሚያገኘውን ብረትና ሽቦ ይመዝናል፤ እሷ የምታጣውን።

የምታጣው ምንድን ነው? እዚህ ላይ የዋጋ ሳይንስ ያልቅና የማንነት ሳይንስ ይጀምራል። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ በ1890 ባሳተመው ትልቅ የሥነ ልቦና መጽሐፉ፣ ሰው «እኔ» ሲል ገላውንና ሐሳቡን ብቻ ሳይሆን ልብሱን፣ ቤቱን፣ ቤተሰቡንና ሥራውን ጭምር እንደሚቆጥር ጽፎ ነበር። ራስል ቤልክ የተባለ የሸማቾች ባሕርይ ተመራማሪ በ1988 ይህን አሳብ አስፋፍቶ፣ ዕቃ የተዘረጋ ማንነት ነው አለ። ቤቱ የተዘረፈ ሰው ከዕቃው ዋጋ በላይ የሚያንገበግበው ነገር ያለውም ለዚህ ነው።

በቺካጎ አካባቢ የተደረገና በ1981 በመጽሐፍ የወጣ ጥናት ደግሞ ጉዳዩን ሳሎን ድረስ ገብቶ ጠይቋል። ከ80 በላይ በሆኑ ቤተሰቦች ውስጥ ያሉ ከ300 የሚበልጡ ሰዎች፣ «ከቤታችሁ ዕቃ የትኛው ይበልጥባችኋል? ለምን?» ተባሉ። ልጆቹ ብዙ ጊዜ የጠሩት ሙዚቃ ማጫወቻን ነው፤ አንድ ነገር የሚያደርጉበትን ዕቃ። አያቶቹ ጋ ሲደርስ ፎቶግራፍ ቀዳሚ ሆነ። ምክንያታቸው ውስጥ ዋጋ እምብዛም አልተነሣም፤ የተነሣው ሰው ነው።

ከዚህ ጋር የሚገናኝ ሌላ ግኝት አለ። ዕድሜው ከገፋ ሰው ትዝታ ውስጥ ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ያለው ዘመን ከድርሻው በላይ ቦታ ይይዛል፤ የማስታወስ ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ ያዩት ነገር ነው። እንግዲህ የአንድ ጡረተኛ ቤት ዋና ዋና ዕቃ መቼ ገባ? የመጀመሪያው ደመወዝ፣ ሰርጉ፣ የመጀመሪያው ልጅ፤ ሁሉም በዚያው ዘመን። የትዝታው ጫፍና የቡፌው ዕድሜ አንድ ይሆናሉ። ይህን ያገናኘሁት እኔ ነኝ፣ እማዬ ግን በየመሳቢያው አረጋግጣልኛለች። ሽታ ሲጨመርማ ሌላ ነው፤ ማሽተት ከሌሎቹ ስሜቶች በተለየ፣ አንጎል ውስጥ ታላመስ የሚባለውን መዘዋወሪያ ሳይጠብቅ ስሜትንና ትዝታን ወደሚይዙት ክፍሎች ይደርሳል። የቆርቆሮውን ሳጥን ከፍታ የአባቴን ጋቢ ካሸተተች በኋላ ያን ቅዳሜ ሥራ አልነበረም።

ሰው እያረጀ ሲሄድ ዕቃው ይቀንሳል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ባለሙያ ዴቪድ ኤከርት ከሥራ ባልደረባው ጋር አሜሪካ ውስጥ በተሰበሰበ ሰፊ መረጃ ላይ ሲያይ ያገኘው የተገላቢጦሹን ነው፤ ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ ሰው ዕቃውን የመስጠት፣ የመሸጥ ወይም የመጣል ዕድሉ በየአሥር ዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ኤከርት በሕይወት ዘመናችን ከኋላችን የሚከተለንን ዕቃ ኮንቮይ ይለዋል። ቃሉ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ኮንቮይ መንገድ ላይ ሲገጥመን ጥግ ይዘን እስኪያልፍ እንጠብቃለን። የራሳችን ኮንቮይ ግን አያልፍም፣ ይከተላል።

ዕቃ የመልቀቅ ዕድሉ ለምን ይቀንሳል? አንዱ ምክንያት ጉልበት ነው፤ ከቁም ሳጥን ላይ ካርቶን ማውረድ የ70 ዓመት ወገብ የሚፈልገው ሥራ አይደለም። ሁለተኛው ውሳኔ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ጥያቄ ነው፦ ይጠቅማል? ለማን? መቼ? ካርቶን ሙሉ ወረቀት ማለት እንግዲህ 400 ጥያቄ ማለት ነው። ዐይንም ይደክማል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ሲታይ፣ በአንጎል የእይታ ክፍል ውስጥ ዕቃዎቹ ለትኩረት እርስ በርሳቸው እንደሚሻሙ በምስል የተረጋገጠ ነው።

የውሳኔው ጭንቅ ወሰን ሲያልፍ ሕመም ይሆናል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው መመሪያው፣ ዕቃ ማከማቸት ሲከፋ ራሱን የቻለ ሕመም እንደሆነ አስፍሯል። ዴቪድ ቶሊንና ባልደረቦቹ በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከቤታቸው ያመጡትን ተራ ወረቀት ይያዝ ወይስ ይቀደድ ብለው ሲወስኑ አንጎላቸውን ተመለከቱ። የሌላ ሰው ወረቀት ሲሆን እንቅስቃሴው ደብዘዝ ያለ ነበር፤ የራሳቸው ሲሆን ግን ስሕተትንና አደጋን የሚመዝኑት ክፍሎች ከመጠን በላይ ነደዱ። የእማዬ ጉዳይ እዚህ አይደርስም፤ አልጋዋ ላይ ትተኛለች፣ ምድጃዋ ላይ ታበስላለች። መኝታው የማይተኙበት፣ ማዕድ ቤቱ የማይበሰልበት ሲሆን ነው ሐኪም የሚያስፈልገው።

ዕቃዬን አልለቅም ማለት ከልጆችም የራቀ አይደለም። ብሩስ ሁድና ፖል ብሉም በ2008 ባሳተሙት ሙከራ፣ ማንኛውንም ዕቃ ልክ እንደራሱ አድርጎ የሚያባዛ ማሽን እንዳለ ትንንሽ ልጆችን አሳመኑ፤ በእርግጥ ማሽኑ ሐሰት ነው። ተራ አሻንጉሊት ሲሆን ልጆቹ አዲሱን ቅጂ በደስታ ወሰዱ። ሌሊት አቅፈውት የሚተኙት የራሳቸው አሻንጉሊት ሲሆን ግን ብዙዎቹ የድሮውን ይመለስልን አሉ፤ እስከነጭራሹ ማሽኑ ውስጥ አይገባም ያሉም ነበሩ። አንድ ዓይነት ሬዲዮ ከመርካቶ ገዝቼ ላመጣላት እንደምችል ለእማዬ ስነግራት ያየችኝ አስተያየት የእነዚያ ልጆች ይመስለኛል።

ታዲያ ይህ ሁሉ የተፈጥሮ ነገር ነው ማለት ነው? እኔ ከሁሉ በላይ የወደድኩት ጥናት እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ታንዛኒያ ውስጥ የተሠራ ነው። ሐድዛ የሚባሉት ሕዝቦች በኤያሲ ሐይቅ አካባቢ አድነውና ሥር ቆፍረው ይኖራሉ፤ በየጊዜው ይነሣሉ፣ ያገኙትን ይካፈላሉ፣ ዕቃቸው በእጅ የሚያዝ ነው። ኮረን አፒሴላና ባልደረቦቿ ብስኩት ወይም የሲጋራ መለኮሻ ሰጥተው፣ ዓይነቱ ወይም ቀለሙ በተለየ ሌላ መለወጥ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቁ። ከገበያ ርቀው የሚኖሩት ግማሽ ያህሉ ለወጡ፤ «የኔ» የሚለው ነገር ምንም አልከበዳቸውም። ቱሪስት በሚበዛበትና ንግድ በተለመደበት አካባቢ ያሉት ግን የለወጡት ሩብ ያህሉ ብቻ ናቸው። በ2014 ነው የታተመው። ጨርቄን ማቄን ሳይል የሚነሣው ሰው በእርግጥ አለ፤ ያለው ግን ዕቃ መካፈል ዕለታዊ ሥራ በሆነበት ቦታ ነው።

መካፈል የሚለውን ይዤ አራተኛውን ቅዳሜ በሌላ መንገድ ሞከርኩ። መነሻዬ የፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤቶች ናቸው። ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲሄዱ ዕቃ እንዲለግሱ ጥሪ ይደረጋል፤ በአንዳንዶቹ ሕንፃዎች የተለመደው ማስታወቂያ ተለጠፈ፣ በሌሎቹ «ትዝታ ያለበትን ዕቃ ፎቶ አንሡና ስጡ» የሚል። በመጀመሪያው 533፣ በሁለተኛው 613 ዕቃ ተሰበሰበ። በ2017 ይህን ያሳተሙት ተመራማሪዎች እንደሚሉት ሰው የሚፈራው ከዕቃው ይልቅ ትዝታውን ማጣት ነው። ልዩነቱ ተአምር አይደለም፤ ማስታወቂያ ላይ አንድ መስመር ለመለወጥ ግን ብዙ ነው።

እኔም ስልኬን አወጣሁ። ፎቶ ብቻ አላነሣሁም፤ እያንዳንዱን ዕቃ እጇ ላይ አድርጌ ታሪኩን እንድታወራ ቀዳሁ። ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛ፣ ከማዕድ ቤት ነው የሚጀመረው፤ ክዳን የሌለው ድስትና ድስት የሌለው ክዳን ማንንም አያስለቅስም። ፎቶና ወረቀት መጨረሻ ላይ ነው፤ የቤት ካርታና የጡረታ ደብተር ደግሞ መጀመሪያውኑ ለብቻ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ ዕቃው ወዴት እንደሚሄድ ሲታወቅ እጅ ይላላል። መሶቡ በጥር ለምታገባዋ የእህቴ ልጅ ሲባል እማዬ ራሷ ጠርጋ፣ በነጠላ ሸፍና ሰጠች። የሰዋስው መጻሕፍቱ ለጎረቤት ተማሪ ሄዱ። ያንኑ መሶብ «ለቆራሌው» ብንል ኖሮ እስከ አሁን ቡፌው ላይ ነበር።

የቡፌውን ነገር የቆረጠልን ግን ሜትር ነው። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ለካን፤ ቡፌው አይዞርበትም። ከውጭ የመጣ ወሰን ክርክር ያሳጥራል። ቨርጂኒያ የምትኖረው አክስቴ ጠቅልላ ስትመለስ የ30 ዓመት ኑሮዋን ሁለት 23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ ከታ ነበር። «ሚዛኑ ወሰነልኝ እንጂ እኔማ እስካሁን እዚያው ነበርኩ» ትላለች።

ስዊድኖች ለዚህ ሥራ ዶስቴድኒንግ የሚል ቃል አላቸው፤ ሞትና ጽዳት ከሚሉት ቃላት የተገጣጠመ ነው። አንድ ሰው ከመሞቱ በፊት፣ በጉልበቱ ሳለ፣ ለልጆቹ ሸክም እንዳይሆን ዕቃውን ያቀላል። ማርጋሬታ ማግኑሰን የተባለች ስዊድናዊት ሠዓሊ በ2017 የጻፈችው መጽሐፍ በብዙ አገር ተነቧል። ለእማዬ ነገርኳት። «ሟርተኛ! ልገባ ነው እንጂ ልወጣ ነው ያልኩህ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቃሉን አላነሣሁም። ሥራው ግን ያው ነው፤ ደግሞ ከጽዳት ያለፈ ምክንያት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው መውደቅ በዓለም ላይ ካልታሰቡ አደጋዎች ሞት በማስከተል ሁለተኛ ነው፤ በብዛት የሚሞቱትም አረጋውያን ናቸው። ጠባብ ኮሪደር ላይ የተደረደረ ካርቶን ሌሊት ሽንት ቤት ለሚሄድ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

የ38 ዓመቱን የተማሪ ሮስተር ሁሉንም አላስወጣኋትም። የመጀመሪያው ዓመት አንዱ ብቻ ይቅር አልኩ፣ እሷ ስድስት አስቀረች፣ ተስማማን። አፉ የተሸረፈ አንድ ሲኒም አብሮን ሄዷል፤ የት እንደደበቀችው ያየሁት አዲሱ ቤት ከገባን በኋላ ነው።

ሬዲዮው እኔ ቤት ነው። እንዴት እንደመጣ በደንብ አላስታውስም፤ የጭነት መኪናው ላይ ሲወጣ «እሱን ለእኔ ስጡኝ» ማለቴን ግን ሁሉም መስክረዋል። ባለቤቴ በር ላይ አየችውና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች።

«ይሠራል እኮ» አልኳት። «ሽቦው ብቻ ነው የተበጠሰው።»