ደረት ሳይዘጋ የሚነበበው ልኬት

በአንዳንድ ሰዎች ልብ ውስጥ ግራና ቀኙን የሚለየው የጡንቻ ግድግዳ ከልክ በላይ ይወፍርና ደም ወደ አኦርታ የሚወጣበትን መንገድ ያጠብባል። ልብ በተኮማተረ ቁጥር ደግሞ የሚትራል ቫልቭ ወደዚያው ጠባብ መተላለፊያ እየተሳበ መንገዱን ይባስ ይዘጋዋል። ታማሚው ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ደረቱን ይወጋዋል፣ አንዳንዴም ራሱን ይስታል።

የመዘጋቱ ልክ የሚታወቀው የሁለት ቦታ ግፊት በማነጻጸር ነው። ጤነኛ ልብ ደም ሲገፋ በግራው የታችኛ ክፍልና በአኦርታ ያለው ግፊት እኩል ነው ማለት ይቻላል። በታማሚው ግን ልብ ውስጥ 180፣ አኦርታ ውስጥ 100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ቢሆን፣ የ80 ልዩነት አለ። ልዩነቱ 30 ሲደርስ መተላለፊያው ተዘግቷል ይባላል፤ 50 እና ከዚያ በላይ ሆኖ መድኃኒት ሕመሙን ካላስታገሠ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ሐኪም አንድሩ ግሌን ሞሮው ባስፋፋው ዘዴ፣ ቀዳጁ በአኦርታ በኩል ገብቶ የወፈረውን ጡንቻ ይቆርጣል። በዚያች ሰዓት ግን ደሙን የሚያዘዋውረው የልብና ሳንባ ማሽን ነው፤ ልብ ቆሟል፣ ደምም የለውም። የተቆረጠው ይበቃ እንደሆነ ዓይን ብቻውን ሊፈርድ አይችልም። አነስ ከተደረገ መዘጋቱ እንዳለ ይቆያል፤ ከበዛ ግድግዳው ሊበሳ ይችላል።

ስለዚህ ከመቁረጡ በፊትና ልብ ዳግም መምታት ከጀመረ በኋላ፣ አንድ መርፌ በልቡ፣ ሌላው በአኦርታው ተሰክቶ ሁለቱ ግፊቶች በአንድ ጊዜ ይነበባሉ። በጉሮሮ የሚገባ አልትራሳውንድም የቫልቩን ሁኔታና የደሙን ፍጥነት ያሳያል።

ማደንዘዣ ልዩነቱን ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችል የተረጋጋ ልብ ልኬት አያስተማምንም። ሐኪሞቹ ልብን በመድኃኒት ያነቃቃሉ፤ ወይም ያለጊዜው አንድ ምት እንዲመታ ያደርጋሉ። ከዚያ የሚከተለው ምት ይበረታል፤ መንገዱ ጠባብ ከሆነ የግፊቱ ልዩነት ይጨምራል፣ የአኦርታው የደም ምት ግን ይደክማል። ሐኪሞች የሆኑት ብሮከንብሮ፣ ብራውንዋልድና ሞሮው ይህን ምልክት በ1961 (እ.ኤ.አ.) ገልጸውታል።

ልዩነቱ አሁንም ከፍ ያለ ከሆነ ታማሚው ወደ ልብና ሳንባ ማሽን ተመልሶ የቀረው ጡንቻ ይቆረጣል። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ሆኖም ደረቱ ከተዘጋ በኋላ በሌላ ቀን እንደገና ከመክፈት እጅግ ይሻላል። ለታማሚው የሚገባው ቀዶ ሕክምናም ውጤቱ እዚያው ጠረጴዛው ላይ የተረጋገጠለት ነው።