ከዓባይ ቆላ ማን ይሰማል? የሳተላይት መገናኛ ተረትና እውነታ

ከቡሬ በነቀምት መንገድ ወደ ዓባይ የወረደ፣ ወይም ከሽንዲ ተነሥቶ በወንበርማ ቆላ በእግሩ የዘለቀ ሰው የሞባይል ኔትወርክ እንዴት እንደሚከዳ ያውቃል። ለመስክ ጥናት የሚወጡ ተመራማሪዎች፣ ቀያሾች፣ እንግዳ ይዘው ወደ ግሽ ዓባይ የሚሄዱ አስጎብኚዎች አሁን አሁን «ሳተላይት ያዙ» ይባላሉ። ምክሩ ክፉ አይደለም። ችግሩ አብሮት የሚጓዘው ወሬ ነው። ወሬውን አምኖ የወጣ ሰው ምንም ሳይዝ ከወጣው ይልቅ ይዘናጋል።

«ስልኬ ጂፒኤስ አለው፤ ከሳተላይት ጋር እገናኛለሁ»

ጂፒኤስ ማዳመጫ ብቻ ነው። 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያሉት ሳተላይቶች ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ይናገራሉ፤ ስልኩ ያንን ሰምቶ የት እንዳለ ያሰላል። መልስ አይልክም። ገደል ውስጥ እግርዎ ቢሰበር የወደቁበትን ቦታ ለእርስዎ በሚገባ ያሳይዎታል፤ ለሌላ ለማንም አይናገርም። ካርታውን ፍኖተ ሰላም ሳሉ ካላወረዱት ደግሞ ነጥቡን የሚያዩት ባዶ ስክሪን ላይ ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ «የእኔ አይፎን ከሳተላይት ጋር ይነጋገራል» ቢል አልዋሸም። አፕል ይህን የአደጋ ጊዜ አገልግሎት በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ ጀምሮ ወደ ሌሎች አገሮች አስፍቶታል። ኢትዮጵያ ግን ከእነዚያ አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም።

«ኢትዮጵያ የራሷን ሳተላይት አምጥቃለች፤ በእሱ እንደውላለን»

ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና መጥቋል። የተሠራው ለግብርና፣ ለደንና ለውሃ ጥናት የሚሆን የምድር ምስል እንዲያነሳ ነው። የማንንም የስልክ ጥሪ አያስተላልፍም።

«ሳተላይት ሳተላይት ነው፤ ውድ ከሆነ የትም ይሠራል»

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያ ከመምረጥ በፊት የሚመረጠው መሣሪያው የሚጠቀምበት ኔትወርክ ነው፤ ኔትወርኮቹም አሠራራቸው ለየቅል ነው።

ኢሪዲየም 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚዞሩ 66 ሳተላይቶች አሉት። መልእክቱን አንዱ ለሌላው እየተቀባበለ ስለሚያደርሰው በአቅራቢያ የምድር ጣቢያ ባይኖርም ይሠራል። ጋርሚን ኢንሪች የሚባለው አጭር መልእክት መላላኪያ በዚህ ኔትወርክ ነው የሚጠቀመው። ግሎባልስታር ግን የመስተዋት ያህል ነው፤ ሳተላይቱ የእርስዎን መሣሪያና የምድር ጣቢያውን በአንድ ጊዜ ካላየ መልእክቱ አያልፍም። ስለዚህ በቅርብ የምድር ጣቢያ መኖሩ ሳይረጋገጥ፣ በዚህ ኔትወርክ የሚሠራውን ስፖት የተባለ መሣሪያ ለምዕራብ ጎጃም ብሎ መግዛት አይመከርም፤ አሜሪካ ውስጥ ስላገለገለ እዚህም ያገለግላል ማለት አይደለም። ሦስተኛው ቱራያ ነው። የእሱ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በ44 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ፣ ከምድር ጋር እኩል እየዞረ አንድ ቦታ የቆመ ይመስላል።

ይህ ልዩነት ለዓባይ ገደል ትልቅ ትርጉም አለው። ከፍኖተ ሰላም ሆኖ ሲታይ የቱራያ ሳተላይት ያለው በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ ከአድማስ 75 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ አናት ላይ ማለት ይቻላል። ግራና ቀኝ ገደል ቢቆምም፣ ገደሉ በጣም ካልተጠጋ በቀር ሳተላይቱን አይጋርደውም። የኢሪዲየም ሳተላይቶች ግን ተንቀሳቃሽ ናቸው። ሰፊ ሜዳ ላይ አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ይተካል፤ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ግን አንዱ ከገደሉ ጀርባ ይገባና ቀጣዩ እስኪመጣ ጥሪው ይቆረጣል። መልእክት መላላኪያው ሰማይ እስኪከፈትለት እየደጋገመ ስለሚሞክር ይህ ብዙ አይጎዳውም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ገደል ለሚወርድ ሰው ኢሪዲየም ከሆነ መልእክት መላላኪያው፣ የግድ ድምፅ ካስፈለገ ቱራያ ይሻላል። ሁለቱም ቤት ውስጥ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር ይቸገራሉ።

«ክረምት ላይ ደመናው ይጋርደዋል»

ይህን ተረት ያመጣው የቴሌቪዥን ዲሽ ነው። ዝናብ ሲበረታ ምስሉ የሚቆራረጠው የዲሹ ሞገድ 11 እና 12 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ፣ የዝናቡ ጠብታ ስለሚያዳክመው ነው። የሳተላይት ስልኮች የሚሠሩት በ1.5 እና 1.6 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ የሐምሌ ደመና ብዙም አይከብዳቸውም። በክረምት የሚያሰጋው ውሃ የገባበት ቻርጅ መሙያና ፀሐይ ያጣ የሶላር ፓኔል ነው።

«የአደጋውን ቁልፍ ከተጫንኩ ሄሊኮፕተር ይመጣል»

የኢንሪች የአደጋ ጥሪ የሚደርሰው አሜሪካ ላለ የጥሪ ማዕከል ነው። ማዕከሉ ያለዎትን ችግር ጠይቆ ለአካባቢው ባለሥልጣናት ለማሳወቅ ይሞክራል። እንግዲህ አሜሪካ የተቀመጠ ሰው የኳሪትን ወይም የወንበርማን ቀበሌ በስልክ ሲያፈላልግ አስቡት። ገደሉ ውስጥ የወደቀን ሰው የሚያወጣው የአገሬው ጎረምሳ በቃሬዛ ተሸክሞ ነው፤ አምቡላንስ የሚገኘው መኪና መንገድ ላይ ሲደረስ ነው። መልእክቱ መጀመሪያ መድረስ ያለበት ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላለ፣ የቀበሌውን ሊቀመንበርና የጤና ኬላውን ሠራተኛ በስም ለሚያውቅ፣ ስልኩን ለማያጠፋ ሰው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1932 ዓ.ም. ክረምት ኮሎኔል ሳንድፎርድ የመሩት ሚስዮን 101 የተባለው የእንግሊዞች ቡድን ጣሊያን ወደያዘው ጎጃም ሲገባ የሬዲዮ መገናኛ ይዞ ነበር። በኅዳር 1933 ዓ.ም. የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት በአውሮፕላን ሰከላ ድረስ መጥቶ ከእሳቸው ጋር ሊመክር የቻለው ካርቱም ላይ ሬዲዮ የሚያዳምጥም፣ አውሮፕላን የሚልክም ክፍል ስለነበረ ነው። ዛሬ መሣሪያው ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ወዲያ ማዶ የሚያዳምጠውን ሰው ማዘጋጀት ግን አሁንም የተጓዡ ሥራ ነው።

«ዘመድ በሻንጣ ያመጣልኛል»

ከሁሉም ተረት አደገኛው ይህ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ማስገባትንና መጠቀምን በወንጀል ያስጠይቃል። በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ደግሞ መሣሪያዎችንና ሞገድን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ፈቃድ የሚጠየቀው ሰው ከመሳፈሩ በፊት ነው፤ የመሣሪያው ዓይነት፣ መለያ ቁጥርና የሚፈለግበት ሥራ ተጽፎ፣ ከሚጋብዘው መሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ጋር። ቦሌ ሲደረስም ለጉምሩክ ማስመዝገብ ነው። «ትንሽ ናት፤ ስልክም አይደለችም» ማለት አያድንም፤ ኢንሪችም ቢሆን ሳተላይት ላይ መልእክት የሚልክ መሣሪያ ነው።

በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አይዘነጋም። ያን ጊዜ «ሳተላይት ስልክ ቢኖረን ኖሮ» ያለ ብዙ ነው። ግጭት ባለበት አገር ግን ኬላ ላይ ያለ ፈቃድ የተገኘ ሳተላይት ስልክ ባለቤቱን ሰላይ ያስመስለዋል፤ ፈታሹ ወታደርም ይሁን ጫካ ያለ ታጣቂ። ፈቃድ ካልተገኘ ሳይዙ መሄድ ይሻላል። መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ ደግሞ ፈቃድ ያለው መሣሪያም ጉዞውን አስተማማኝ አያደርገውም።

ከመውጣት በፊት ከተማ ውስጥ፣ ሰማይ በሚታይበት ሜዳ ላይ ቆሞ መሞከር ግድ ነው፤ ክፍያው ያለቀ መሣሪያ ዕቃ ብቻ ነውና። ቦታ የሚጻፍበትንም መንገድ ከተቀባዩ ጋር አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። ፍኖተ ሰላም በግምት 10 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ሰሜን ላይ ናት፤ በአሥርዮሽ ሲጻፍ 10.70 ይሆናል። ደቂቃውን እንዳለ ወስዶ 10.42 ብሎ የጻፈ ሰው ፈላጊዎቹን 31 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይሰዳቸዋል። እንደ 907 (አምቡላንስ) እና 991 (ፖሊስ) ያሉ አጫጭር ቁጥሮች ደግሞ ከሳተላይት ስልክ አይሠሩም፤ የሐኪም ቤቱም፣ የፖሊስ ጣቢያውም፣ የሰውየውም ቁጥር በ+251 ጀምሮ ሙሉውን መመዝገብ አለበት፤ በመሣሪያው ላይም፣ በወረቀትም።